ግሳትና ቃር

ሰው ሁሉ ያገሳል። የጠገበ ያገሳል፤ የራበውም ያገሳል። ሕፃንም ሽማግሌም ያገሳል። ስለዚህ ግሳት በሽታ አይደለም። ነገር ግን ሲያገሳ ኮምጣጣ ውሃ እስከ አፉ የሚመጣበት፣ ደረቱንም የሚያቃጥለው ሰው አለ። ይህ ቃር ነው። ግሳትና ቃር ምን ያገናኛቸዋል?

ግሳት አየር ነው

ስንበላና ስንጠጣ አየር አብረን እንውጣለን። እየተጣደፈ የሚጎርስ፣ እየጎረሰም የሚያወራ ሰው ብዙ አየር ይውጣል። በጠላና በለስላሳ መጠጥ ውስጥም አየር አለ። ጨጓራ ውስጥ የተጠራቀመው አየር መውጫ ይፈልጋል። ወደ ላይ ሲወጣ ግሳት ይባላል።

የጨጓራ በር

ከጉሮሮ እስከ ጨጓራ የሚወርድ የምግብ ቧንቧ አለ። በትልቅ ሰው ርዝመቱ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ቧንቧውና ጨጓራው በሚገናኙበት ቦታ እንደ በር የሚያገለግል ክብ ጡንቻ አለ። ስንውጥ ይከፈታል፤ ምግቡ ሲያልፍ ይዘጋል። ጨጓራ ሲወጠርም በሩ ለጥቂት ጊዜ ይላላል፤ አየሩም ይወጣል።

ጨጓራ ውስጥ ምግብ እንዲፈጭ የሚረዳ አሲድ የሚባል ኮምጣጣ ፈሳሽ አለ። ጨጓራ ከአሲድ የሚጠብቀው ሽፋን አለው። ቧንቧው ግን እንዲህ ያለ ሽፋን የለውም። ስለዚህ አሲድ ሲነካው ይቃጠላል።

ጥጃ ለማስወጣት የበረት በር ሲከፈት በሬውም ሾልኮ ይወጣል። እንዲሁም በሩ ለአየር ሲከፈት አሲድ አብሮ ሊወጣ ይችላል። እናቶች ይህን በሕፃን ላይ አይተውታል። ሕፃን ጡት ጠብቶ ሲያገሳ ወተት ያቀረሻል። የሕፃን በር ገና አልጠነከረምና ነው።

ቃርም ግሳት ያመጣል

አንድ አባት በትምህርት ሰዓት እንዲህ ሲሉ ጠየቁ፦

«ልጄ፣ ቃር ሲይዘኝ አየር እየዋጥኩ ሳገሳ ቀለል ይለኛል። ታዲያ ምን ጉዳት አለው?»

«አባባ፣ ቀለል የሚልዎ ለጥቂት ጊዜ ነው። የዋጡት አየር ጨጓራዎን ይወጥረዋል። በሩም ደጋግሞ ይከፈታል። አሲዱም ደጋግሞ ይወጣል።»

ቃር የያዘው ሰው ሳያስበውም ምራቁን ቶሎ ቶሎ ይውጣል። ከምራቁ ጋር አየር ይገባል። አየሩ ግሳት ያመጣል፤ ግሳቱም አሲድ ያወጣል። ቃርና ግሳት እንዲህ እየተቀባበሉ ሰውን ያሰቃያሉ። ስለዚህ ሆን ብሎ ማግሳት ለቃር መድኃኒት አይደለም።

ምን እናድርግ?

1. ቀስ ብለን፣ በደንብ አላምጠን እንብላ።

2. ሆድ እስኪወጠር አንብላ። ጥቂት ጥቂት መብላት ይሻላል።

3. እራት በልተን ወዲያው አንተኛ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ የበላ ሰው እስከ 3 ወይም 4 ሰዓት ይቆይ።

4. ሌሊት ቃር የሚነሳበት ሰው የአልጋውን ራስጌ በእንጨት ወይም በድንጋይ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ያድርግ። ትራስ መደራረብ ግን ሆድን ይጫናል።

5. እንደበሉ ጎንበስ ብሎ ማረምና ማጨድ አሲዱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ትንሽ ማረፍ ያስፈልጋል። መቀነትና ቀበቶም ሆድን አጥብቀው አይሰሩ።

6. መጠጥና ትምባሆ በሩን ያላላሉ። ስለዚህ ቃር ያለበት ሰው ይተዋቸው። ቡና፣ በርበሬና ቅባት የሚያስነሳበትም ይቀንስ።

ነፍሰ ጡር ሴት ሆዷ ሲገፋ ቃር ይበዛባታል። እሷም ጥቂት ጥቂት ትብላ።

መቼ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ?

ቃር በሳምንት 2 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚመጣ ከሆነ መታየት ያስፈልጋል። ለብዙ ጊዜ ሳይታከም የቆየ ቃር ቧንቧውን ያቆስላል፤ ሊያጠበውም ይችላል። አስፕሪንና ዳይክሎፌናክን የመሰሉ የሕመም ማስታገሻዎችም ጨጓራን ስለሚያቆስሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱ።

ምግብ ሲውጥ የሚቀረቀርበት፣ ያለ ምክንያት የሚከሳ ሰው ሳይዘገይ ይታከም። ደም የሚያስታውክ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ የሚወጣው ሰው ግን ወዲያውኑ ይሂድ።

ደረት ላይ የሚሰማ ሕመም ሁሉ ቃር አይደለም። ሕመሙ ደረትን የሚጨቁን፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ የሚያስልብና ትንፋሽ የሚያሳጥር ከሆነ የልብ ሕመም ሊሆን ይችላል። «ቃር ነው፣ ይለቀኛል» ብሎ መጠበቅ ሕይወት ያሳጣል። በሽተኛውን ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ማድረስ ይገባል።

ካነበባችሁ በኋላ ተጠያየቁ

ሀ. ግሳት ከምን ይመጣል?

ለ. አሲድ ጨጓራን ሳያቃጥል ቧንቧውን የሚያቃጥለው ለምንድን ነው?

ሐ. ቃር ያለበት ሰው እራቱን በስንት ሰዓት ይብላ? በስንት ሰዓትስ ይተኛ?

መ. ሳንዘገይ ወደ ሕክምና የሚያስኬዱን ምልክቶች የትኞቹ ናቸው?