መርሳት እምቢ ያለ ሰንሰለት

የተቀዳ ቡና ረስታችሁ ብትመለሱ ቀዝቅዞ ታገኙታላችሁ። ሲቀዳ ምን ያህል ይፋጅ እንደነበር ግን ሲኒው አይነግራችሁም። ብዙ ቅንጣቶች ሲነካኩ የሚሆነው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይኸው ነው፤ ሙቀቱ ይዳረሳል፣ የቀድሞው ታሪክ ይጠፋል።

ዛሬ የማወራችሁ ይህን እምቢ ስላሉት ቅንጣቶች ነው። የክስተቱ መጠሪያ «ሜኒ ቦዲ ሎካላይዜሽን» ነው፤ ስሙ አያስፈራችሁ።

ነገሩን የጀመረው ፊሊፕ አንደርሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ዝብርቅርቅ ባለ ቁስ ውስጥ ያለ ብቸኛ ኤሌክትሮን ባለበት ታስሮ ሊቀር እንደሚችል አሳየ። ግን ቅንጣቶቹ ብዙ ሆነው ቢነካኩስ? አንዱ ለሌላው ጉልበት አቀብሎ አያስፈታውም? በ2006 ባስኮ፣ አሌይነርና አልትሹለር አስልተው፣ መነካካቱ ደካማ ከሆነ እንደታሰሩ ሊቀሩ ይችላሉ አሉ።

ለስሌት የሚመቸው የስፒን ሰንሰለት ነው። ስፒንን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የዞረች ትንሽ ማግኔት በሉት። ጎረቤታሞቹ ይጎታተታሉ፤ በየቦታው ደግሞ በዕጣ የወጣ መግነጢሳዊ መስክ አለ። የዕጣው ጣሪያ ዝቅ ያለ ከሆነ ሰንሰለቱ ይረሳል። ከፍ ካለ ማን ላይ፣ ማን ታች እንደነበረ ይዞ ይቆያል።

እኔን የማረከኝ ግን በ2015 ሙኒክ ውስጥ የኢማኑኤል ብሎክ ቡድን ያሳተመው ሙከራ ነው። የፖታሲየም አቶሞችን ወደ ፍጹም ዜሮ እስኪጠጉ አቀዝቅዘው፣ በሌዘር ብርሃን በተሠራ መደዳ ላይ አንዱን ቦታ ሙሉ፣ ቀጣዩን ባዶ እያደረጉ ደረደሯቸው። ከዚያ ለቀቋቸው። መደዳው ለስላሳ ሲሆን ድርድሩ ወዲያው ተደበላለቀ። የሞገድ ርዝመቱ የተለየ ሁለተኛ ሌዘር ጨምረው ሲያጎረብጡት ግን አቶሞቹ እየተነካኩም እንኳ ድርድሩ አልጠፋም። (በእርግጥ ጉርብጥብጡ የዕጣ አልነበረም፤ ሥርዓት አለው፣ ግን ራሱን አይደግምም።)

ታዲያ አለቀ? የለም። ወደ ስፒን ሰንሰለቱ ስሌት እንመለስ፤ አንድ ስፒን በጨመራችሁ ቁጥር የሚሰላው ሁኔታ እጥፍ ይሆናል፤ 22 ስፒን ከ4 ሚሊዮን በላይ ሁኔታዎች አሉት። በዚህ መጠን በተሠራ ስሌት፣ የመስኩ ጣሪያ ከጎረቤት ጉተታው 3.7 እጥፍ ገደማ ሲደርስ ሰንሰለቱ መርሳት ያቆማል ተብሎ ነበር። ከ2019 ወዲህ ግን ጥርጣሬው በረታ። ረጅም ሰንሰለት ውስጥ በአጋጣሚ መስኩ የደከመበት ሠፈር አይጠፋም፤ እሱ ጎረቤቱን ያሞቃል፣ ያም ቀጣዩን። 22 ስፒን ውስጥ እንዲህ ያለው ሠፈር ላይገኝ ይችላል። ይህን ያስገቡ ግምቶች ጣሪያውን በብዙ እጥፍ ሰቅለውታል።

በእኔ እይታ የሙኒኩ ትዝታ እውነተኛ ነው፤ ክርክሩ ስለ ዘላለም ነው። እናም «ጣሪያው 5 እጥፍ ሲሆን ሰንሰለቱ መርሳት አቆመ» የሚል ጥናት ሳገኝ መጀመሪያ የማየው ስንት ስፒን እንደነበረና ምን ያህል እንደጠበቁ ነው።