ውድ የዝናብ ጃኬት በጣና ዳር

ለተራራ ጉዞና ለከባድ ዝናብ የሚሠራው ውድ ጃኬት፣ ዋጋው በውጭ ገበያ ከ800 የአሜሪካ ዶላር የሚያልፈው እንኳ ሳይቀር፣ ገበር የሌለው ስስና ቀላል ልብስ ስለሆነ በዓይን ብቻ ሲታይ ከተራ የናይለን ጃኬት እምብዛም አይለይም። ስለዚህ ዋጋውን የሰማ ሰው ገንዘቡ የሚከፈለው ደረቱ ላይ ለተጠለፈው ምልክት ነው ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ጥርጣሬው ግን ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ልብሱ በሚገባው ቦታና በሚገባው አያያዝ ሲለበስ ለዋጋው የሚመጥን አገልግሎት የሚሰጥ፣ ብዙ ሐሳብና ብዙ ጥንቃቄ የፈሰሰበት ሥራ ሲሆን፣ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ግን የሚወደሰውም የሚናቀውም አብዛኛውን ጊዜ ባልሆነ ምክንያት ነው።

የጃኬቱ ጨርቅ እርስ በርሳቸው የተጣበቁ ሦስት ንብርብሮች አሉት፤ ውጭኛው ከናይለን ወይም ከፖሊስተር የተሸመነ ጠንካራ ጨርቅ፣ መካከለኛው በዓይን የማይለዩ ቀዳዳዎች ያሉት ስስ ገለፈት፣ ውስጠኛው ደግሞ ገለፈቱን ከሰውነት ወዝና ከፍትጊያ የሚጠብቅ ቀጭን ሽፋን ነው። ሙቀት የሚሰጠው ከሥር የሚለበሰው ሹራብ ነው፤ ጃኬቱ ነፋስንና ውኃን ብቻ ይከለክላል።

የገለፈቱ ታሪክ የሚጀምረው ምግብ በማያሲዘው መጥበሻ ከሚታወቀው ከቴፍሎን ነው። ይህን ቁስ ሮይ ፕላንኬት የተባለ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1938 በዱፖንት ኩባንያ ሲሠራ ሳያስበው ያገኘው ሲሆን፣ ከዚያው ኩባንያ የወጣው ቢል ጎር እ.ኤ.አ. በ1958 በደላዌር ግዛት የራሱን ድርጅት አቋቋመ። ልጁ ቦብ ጎር እ.ኤ.አ. በ1969 የጋለ የቴፍሎን ዘንግ በዝግታ ለመለጠጥ ሲሞክር እየተበጠሰ ቢያስቸግረው አንዱን ዘንግ በድንገት መንጭቆ ሳበው፤ ዘንጉም በመበጠስ ፈንታ ስምንት እጥፍ ገደማ ተለጠጠ፣ ሲመረመርም አብዛኛው አካሉ አየር ሆኖ ተገኘ። ከዚህ ግኝት የተወለደው ጎርቴክስ የሚባለው ጨርቅ እ.ኤ.አ. በ1976 ገበያ ላይ ዋለ። እንደ አምራቹ ገለጻ የገለፈቱ ቀዳዳዎች ከውኃ ጠብታ 20,000 ጊዜ ያነሱ፣ ከውኃ ተን ሞለኪውል ግን 700 ጊዜ የሚበልጡ ናቸው፤ በመሆኑም ዝናቡ ሳይገባ ላብ በተን መልክ ሊወጣ ይችላል። የመጀመሪያው ትውልድ ጃኬት ግን የሰውነት ወዝ ቀዳዳዎቹን እየበከለ ውኃ እንዲያሳልፍ ስላደረገው፣ አምራቹ በገለፈቱ የውስጥ ገጽ ላይ ሌላ ስስ ሽፋን ለመጨመር ተገደደ። ወዝና እድፍ የዚህ ልብስ ዋነኛ ጠላቶች መሆናቸው ከጅምሩ የታወቀ ነገር ስለሆነ፣ ጃኬቱን ለዓመታት ሳያጥብ የሚለብስ ሰው ይህን ታሪክ ቢያውቀው መልካም ነው።

ሻጮች አዘውትረው የሚጠሩት ቁጥር የውኃ ዓምድ ልኬት የሚባለው ነው። በምርመራው ጨርቁ በአንድ ቱቦ ሥር ተወጥሮ በላዩ የሚቆመው ውኃ ከፍታ ቀስ በቀስ ይጨመርና ውኃው ጨርቁን አልፎ ማንጠባጠብ የሚጀምርበት ከፍታ በሚሊሜትር ይመዘገባል፤ 20,000 ሚሊሜትር የተባለ ጨርቅ የ20 ሜትር ውኃ ጫና ይችላል ማለት ነው። የጣና ሐይቅ እጅግ ጥልቅ የሆነው ስፍራ 15 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ይህ ጨርቅ በሐይቁ ግርጌ ቢወጠር እንኳ በላዩ ያለውን ውኃ ሁሉ ተሸክሞ ጠብታ አያሳልፍም፤ 10,000 ሚሊሜትር የሚባለው ርካሹ ጨርቅም ቢሆን የሐይቁን አማካይ ጥልቀት ይችላል። ከሰማይ የሚወርድ ዝናብ፣ የሐምሌው ዶፍ ጭምር፣ የሚያሳርፈው ጫና ከዚህ በብዙ ያነሰ ነው። እውነተኛ ጫና የሚፈጠረው የከባድ ሻንጣ ማንገቻ ትከሻን ሲጫን ወይም ሰው በረጠበ መሬት ላይ ሲቀመጥና ሲንበረከክ ስለሆነ፣ ከቁጥር ቁጥር እያማረጡ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ትርፉ ጥቂት ነው። ውድ ጃኬት ከርካሹ የሚለየው በሌላ ቦታ ነው፤ መርፌ የወጋው ስፌት ሁሉ ቀዳዳ በመሆኑ እያንዳንዱ ስፌት ከውስጥ በኩል በሙቀት በሚለጠፍ ቴፕ ይታሸጋል፣ ቆቡ ከራስ ጋር አብሮ እንዲዞር ተደርጎ ይቆረጣል፣ እጅጌው ክንድ ሲነሣ ወገብን እንዳያጋልጥ ይሰፋል። የልብስ ስፌት የሚያውቅ ሰው ጃኬቱን ገልብጦ የቴፑን ቅጥነትና የስፌቱን ጥራት ሲያይ የዋጋውን ምክንያት ከማንም ሻጭ በተሻለ ይረዳዋል።

ከሁሉም በላይ ሊታረም የሚገባው ግን «ጃኬቱ ውኃ ያስገባል» የሚለው ፍርድ ነው። ከውጭ አገር ዘመድ የላከለት ወይም ከልባሽ ጨርቅ ገበያ ያገኘ ሰው አንድ ክረምት ለብሶት ሲያበቃ፣ የውጭው ጨርቅ ውኃ ጠጥቶ ሲጠቁር፣ ውስጡም ሲቀዘቅዝና ሲረጥብ ያይና ልብሱ አርጅቷል ወይም ድሮውኑም የማይረባ ነበር ብሎ ይጥለዋል፤ አለዚያም ለቤት ማጽጃ ይቆራርጠዋል። ብዙ ጊዜ ግን እንዲህ የተጣለው ጃኬት ገለፈቱ ጤነኛ ነው፤ አንዲት ጠብታ ዝናብም አላሳለፈም።

የሆነው ነገር ይህ ነው። በውጭኛው ጨርቅ ላይ፣ ከገለፈቱ ፈጽሞ የተለየ፣ የውኃ ጠብታ ተድቦልቡሎ እንዲንከባለል የሚያደርግ ቅብ አለ። ይህ ቅብ ከፋብሪካ ሲወጣ ጠንካራ ቢሆንም በአቧራ፣ በጭስ፣ በላብ፣ በቅባትና በሻንጣ ፍትጊያ ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል። ሲደክም ጠብታው መንከባለሉን ትቶ ይሰፋና የውጭው ጨርቅ ይርሳል። የራሰው ጨርቅ ሁለት ጉዳት ያመጣል፤ በአንድ በኩል የሰውነትን ሙቀት እየሳበ ያቀዘቅዛል፣ በሌላ በኩል የገለፈቱን ቀዳዳዎች ከላይ በውኃ ስለሚጋርድ የላብ ተን መውጫ ያጣል። ተኑም ቀዝቃዛውን የውስጥ ገጽ ሲነካ ወደ ውኃነት ተለውጦ ሸሚዙን ያረጥባል። ለባሹ የዳሰሰው ርጥበት እንግዲህ የራሱ ላብ ነው። ሁለቱን ለመለየት ቀላል መንገድ አለ፤ ዝናብ የገባበት ጃኬት የሚያረጥበው ስፌቱን ወይም ቀዳዳውን ተከትሎ በአንድ ቦታ ሲሆን፣ ላብ ግን ጀርባን፣ ክንድንና ብብትን በአንድነት ያለብሳል።

መድኃኒቱም በየቤቱ ይገኛል። ጃኬቱ ዚፖቹ ተዘግተው ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ይታጠባል፤ የዱቄት ሳሙና ትራፊው ከጨርቁ ስለማይለቅ፣ ማለስለሻ ደግሞ ራሱ ውኃ ጠጪ ሽፋን ስለሚተው፣ በረኪና ጨርቁን ስለሚጎዳ ሦስቱም መቅረት አለባቸው። አረፋው እስኪጠፋ ደጋግሞ ከተለቀለቀ በኋላ ጥላ ሥር ይሰጣል። ሲደርቅ በላዩ ስስ ፎጣ ተነጥፎ፣ እንፋሎት በሌለውና መጠነኛ ሙቀት ባለው ካውያ ይተኮሳል፤ የደከመውን ቅብ ወደ ሥራው የሚመልሰው ይህ ሙቀት ነው። ከዚያ ጥቂት ውኃ ረጨት ሲደረግበት ጠብታው ተድቦልቡሎ ከወረደ ጃኬቱ ድኗል፤ ካልወረደ ቅቡ አልቋልና ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ አዲስ ቅብ ያስፈልገዋል። ብዙ ሺህ ብር የሚያወጣ ልብስ በኦሞ ዘፍዝፎ፣ እንደ ጂንስ ፈትጎ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ጥሎ ከዋለ በኋላ አምራቹን መውቀስ ተገቢ አይደለም። ይህ ምክር ለአዲሶቹ ጃኬቶች ይበልጥ ይሠራል፤ የቀድሞው ቅብ ፍሎሪን ካለባቸውና በተፈጥሮ ውስጥ ለብዙ ዘመን ከማይበሰብሱ ኬሚካሎች ይሠራ ስለነበር፣ ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ ከ2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአብዛኛው ልብስ ላይ ከልክለውታል፤ የተተካው ቅብም ውኃን እንጂ ቅባትን ስለማይመክት ቶሎ ቶሎ መታጠብ ይፈልጋል።

ይሁን እንጂ በሚገባ የተያዘ ጃኬትም በጣና ዳር ሙሉ አቅሙን አያሳይም። «ይተነፍሳል» የሚባለው ልብስ በራሱ የሚተነፍስበት ኃይል የለውም፤ ተን ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሄደው ውስጡ ከውጩ ይልቅ ብዙ ተን ሲይዝ ብቻ ነው። በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለ አየር እስኪጠግብ ድረስ በአንድ ሜትር ኩብ 30 ግራም ገደማ የውኃ ተን ሲይዝ፣ በ20 ዲግሪ 17 ግራም፣ በ5 ዲግሪ ደግሞ 7 ግራም ገደማ ብቻ ይይዛል። በላብ የጠገበው የጃኬቱ የውስጥ አየር 30 ዲግሪ ቢሆንና ውጭ በ20 ዲግሪ ዝናብ ቢዘንብ፣ ተኑን የሚገፋው ልዩነት 13 ግራም ነው፤ ያው ሰው ያንኑ ጃኬት ለብሶ በሰሜን ተራሮች 5 ዲግሪ ላይ ቢዘንብበት ልዩነቱ 23 ግራም ይደርሳል። ባሕር ዳር ላይ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣና ምድሩ ሲተን ልዩነቱ ከ13 ግራሙም ይጠባል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በዚህች ሞቃት ከተማ የጃኬቱ እውነተኛ አየር መውጫ ገለፈቱ መሆኑ ቀርቶ በብብት ሥር የሚከፈተው ዚፕ ነው፤ ለዚህ አካባቢ ጃኬት የሚገዛ ሰው ከምልክቱ አስቀድሞ ይህ ዚፕ መኖሩን ማየት ይኖርበታል።

የጎጃም እረኛ ይህን የአየር መውጫ ጥበብ ያወቀው ከቴፍሎን በፊት ነው። ከሣር የሚታታው ገሳ፣ ራስንና ጀርባን ሸፍኖ ፊት ለፊት ክፍት የሚሆነው የዝናብ ልብስ፣ ዝናቡን በሣሩ ላይ እያንሸራተተ ሲያወርድ አየር ደግሞ ከፊትና ከታች እንደ ልቡ ስለሚገባ፣ የለባሹ ላብ የሚታፈንበት ምክንያት የለም። ከባድና ነፋስ የሚያነሣው መሆኑ ጉድለቱ ነው፤ በአየር ዝውውር ግን የትኛውም ገለፈት አይወዳደረውም። ለከተማው ነዋሪም ነፋስ በሌለበት ዝናብ ጃንጥላ ከማንኛውም ጃኬት ይሻላል፤ ከገበያ እስከ ሐይቁ ዳር ለመመላለስ ብቻ ውድ ጃኬት የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ያለ ቦታው አውሏል።

ሐይቁ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ወደ ዘጌ ወይም ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ በሞተር ጀልባ የሚጓዝ ሰው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣና ማዕበሉ ጎኑን እየመታ ሲረጨው፣ ጃንጥላ መዘርጋት አይችልም፤ ሳይንቀሳቀስ ስለሚቀመጥም ብዙ አያልበውም። እዚህ ነፋስን የሚከለክልና ቆቡ የማይገለበጥ ጃኬት ያስፈልጋል፤ ለዚህ ግን መካከለኛ ዋጋ ያለው ይበቃል።

ዋጋው ሙሉ በሙሉ የሚመለሰው በተራራው ላይ ነው። የአየር ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በጎንደርና በደባርቅ በኩል ወደ ቧሂት ወይም ከ4,500 ሜትር ወደሚበልጠው ራስ ዳሸን የሚወጣ ሰው ከ15 ዲግሪ በላይ የቀዘቀዘ አየር ይጠብቀዋል፤ ጉናና ጮቄም ከ4,000 ሜትር በላይ ናቸው። ጋቢ ለቤት፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለደረቅ ብርድ ወደር ባይኖረውም ጥጥ ስለሆነ ውኃ ሲጠጣ ከብዶ ሙቀትን ይነጥቃል፤ በርኖስ ሱፍ በመሆኑ ርጥበትን ችሎ ያሞቃል፣ ረጅም ዝናብ ሲይዘው ግን ሸክም ይሆናል። በሰሜን ተራሮች ውስጥ በጨነቅ ወይም በሳንካበር በረዶ የቀላቀለ ዝናብ የሚያገኘው የጉዞ መሪ፣ ጠባቂ (ስካውት) ወይም በቅሎ ነጂ ዓመቱን ሙሉ ልብሱን ለብሶ የሚሠራ ስለሆነ፣ አሥር ዓመት የሚያገለግለው ጃኬት በየሁለት ክረምቱ ከሚቀየር ርካሽ ጃኬት ይልቅ ይረክስለታል። ለጥቂት ቀን ጉብኝት የሚመጣው እንግዳ ውዱን ለብሶ፣ መንገዱን የሚመራው ሰው ደግሞ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሲሄድ ማየት ለዚህ ልብስ ፍቅር ላለው ሰው ያሳዝናል።

አዲሱን ለመግዛት አቅም የማይፈቅድለት ሰው አማራጩ ያገለገለ ጃኬት ስለሆነ፣ ከመክፈሉ በፊት ገልብጦ መመርመር አለበት። ብዙዎቹ ርካሽ ጃኬቶች በገለፈት ፈንታ ፖሊዩሬቴን የሚባል ቅብ ከውስጥ ስለሚቀቡ፣ ቅቡ ሙቀትና ርጥበት ባለበት ተጣጥፎ ሲቀመጥ እየበሰበሰ በአንገትና በትከሻ በኩል ነጭ ፍርፋሪ ይጥላል፣ ሲነካም ይጣበቃል፤ እንዲህ የሆነውን ማጠብም መተኮስም አያድነውም። ስፌቱ ላይ ያለው ቴፕ ጫፉ ብቻ የተነሣ ከሆነ ግን ፎጣ ተነጥፎበት በካውያ ሙቀት ሊመለስ ስለሚችል ዋጋ ማስቀነሻ ይሆናል እንጂ ጃኬቱን የሚያስጥል አይደለም።