ስምንት በስምንት ፊት፦ የጌም ስኪን ቀለምና ጥላ

ጉብሬ በሚገኘው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ኮምፒውተር የሚማር ወጣት የጌም ሥዕል ልሞክር ቢል የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ ደህና ላፕቶፕ፣ እንደ ጊምፕ ወይም ብሎክቤንች ያለ ነፃ ፕሮግራም፣ ጥቂት ኪሎባይት የሚመዝን የፒኤንጂ ፋይል። ኔትወርክ ቢጠፋም ሥራው አይቆምም። ስለዚህ በዚህ ሙያ ለጀማሪ የምመክረው የማይንክራፍትን ስኪን ነው።

ስኪን የካራክተሩን ቅርጽ ሳይነካ መልኩንና ልብሱን የሚቀይር ሥዕል ነው። ማይንክራፍት በ2009 (በፈረንጆች) ስዊድን ውስጥ ተጀምሮ በ2014 ማይክሮሶፍት በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። የድሮው ስኪን 64 በ32 ፒክስል ስለነበር የግራው እጅና እግር የቀኙ ግልባጭ ነበር። በ2014 ወደ 64 በ64 ሲሰፋ ግራና ቀኝ ተለያዩ፤ ለመላው አካልም ከላይ የሚደረብ ሁለተኛ ሌየር ተጨመረ። ሌሎችም ጌሞች የየራሳቸው መንገድ አላቸው። ሮብሎክስ 585 በ559 ፒክስል የሆነ የሸሚዝ ቅርጽ ይሰጣል፤ ድሪም ሊግ ሶከር የራስን ማሊያ ማስገባት ይፈቅዳል። ፍሪ ፋየር ላይ ግን ተጫዋቹ ኩባንያው ያዘጋጀውን ይመርጣል እንጂ አይሥልም።

ችሎታ የሚለየው በጥላ አሰጣጥ ላይ ነው። የካራክተሩ ፊት 8 በ8፣ በድምሩ 64 ፒክስል ብቻ ነው። ብርሃን ከላይ ይመጣል ብለን ከተነሣን ግንባር ይፈካል፣ ከፀጉሩ ሥር ያለው መሥመርና አገጭ ይጠቁራሉ። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ሳይወስን ጠርዙን ዙሪያውን ያጠቁራል፤ ያኔ ፊቱ ያበጠ ይመስላል።

የቆዳ ቀለም ጉዳይ ደግሞ እኛን በቀጥታ ይመለከታል። ብዙ ተዘጋጅተው የሚገኙ የቀለም ስብስቦች ነጣ ያለ ቆዳን መነሻ ያደረጉ ናቸው። ጠይም ፊት ላይ ጥቁር ቀለም እየጨመሩ ጥላ መሥራት መልኩን አመድ ያደርገዋል። ጥላውን ወደ ቀይና ወይን ጠጅ፣ ብርሃኑን ወደ ብርቱካንማ መግፋት ይሻላል፤ አራት ወይም አምስት ደረጃ ይበቃል። ሹሩባ ሲሠራ አንዱ መሥመር ጥቁር፣ ቀጣዩ የራስ ቅል ቆዳ ቀለም ይሁን፤ ጥቁሩን በሁለተኛው ሌየር ላይ ማድረግ ጉንጉኑን ከራስ ቅሉ ከፍ ያደርገዋል።

ነጠላም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የነጭ ልብስ እጥፋት በግራጫ ከተሠራ የቆሸሸ ይመስላል፤ ቀላ ያለ ክሬም ወይም ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ንጹሕ ያደርገዋል። ጥበቡ ሸማኔው በድርና በማግ የሚያወጣው ስለሆነ ከፒክስል ጋር ይስማማል፤ ጥንቃቄ የሚፈልገው ሒሳቡ ነው። የእግሩ ዙሪያ 16 ፒክስል ነው፤ በየ4 ፒክስሉ የሚደገም ጥለት በትክክል ይገጥማል፣ በየ3ቱ የሚደገመው መገናኛው ላይ ይሰበራል። የሰውነቱ ዙሪያ 24 ስለሆነ ሁለቱንም ይቀበላል። ቀጭኑ የእጅ ዓይነት ግን ዙሪያው 14 ነው፤ በ2 ወይም በ7 ካልሆነ አይገጥምም።

ጥላ የግድ ነው ማለቴ ግን አይደለም። የመጀመሪያው የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች በጥቁር መሥመር የታጠረ ድፍን ቀለም ተጠቅመው ግሩም ሥራ ሠርተዋል፤ በ18ኛው መቶ ዘመን የሁለተኛው ስልት ሠዓሊዎች ፊትን በጥላና በብርሃን ማጉላት ጀመሩ። ስኪን ሠሪ ከሁለቱም መማር ይችላል።

በዓለም አቀፍ ጌሞች ውስጥ ኢትዮጵያዊ መልክ አዲስ አይደለም። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 በ2015 ኢትዮጵያውያንን ከነሾተል ተዋጊያቸው አስገብቷል፤ ሲቪላይዜሽን 6 በ2020 ዳግማዊ ምኒልክን አምጥቷል። ቅኔ ጌምስ ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ ኩኩሉ የተባለውን ጌም ሠርቷል። እኔ የምጓጓው እንዲህ እዚሁ አገር የሚሠራው እንዲበዛ ነው፤ ነጠላን ለብሶ የሚያውቅ ሰው እጥፋቱ የት እንደሚወድቅ ከማንም በተሻለ ያውቃልና።

ከስኪን ተነሥቶ ብሌንደር ወደተባለው የ3ዲ ፕሮግራምና ወደ ትልልቅ ጌሞች የሚሻገር ተማሪ ሌላ ነገር ይጠብቀዋል። እዚያ ብርሃኑን ጌሙ ራሱ ስለሚያሰላ የመሠረት ቀለሙ ላይ ጥላ አይሣልም፤ ከተሣለ ፀሐይ ስትዞር ካራክተሩ ሁለት ዓይነት ጥላ ይይዛል። ጥላውን የት እንደሚተው ማወቅ በስኪን ላይ ከተማረው ቀጥሎ የሚመጣ ትምህርት ነው።