ዌቢናር ላይ 100 ሰው ተመዘገበ ማለት 100 ደንበኛ ተገኘ ማለት ነው?

አይደለም። ግን ብዙ ድርጅቶች እንደዛ ነው የሚቆጥሩት። ፖስተር ያሠራሉ፣ ሊንክ ይለቃሉ፣ ከዛ የስም ዝርዝሩን ለሽያጭ ሠራተኞች ሰጥተው "ደውሉ!" ይላሉ። የተደወለለት ሰው ደግሞ "ማናችሁ? ቁጥሬን ከየት አገኛችሁት?" ብሎ ይዘጋዋል። ድካሙም ወጪውም እዛው ቀረ።

ዛሬ ዕቃና አገልግሎት ለድርጅቶች የሚሸጡ ድርጅቶች (ቢቱቢ የሚባሉት) በዌቢናር እንዴት ደንበኛ እንደሚያገኙ እናያለን።

📌 ሊድ ማለት ምንድን ነው?

ዌቢናር በኢንተርኔት በቀጥታ የሚሰጥ ገለጻ ወይም ሥልጠና ነው። ሊድ ደግሞ አድራሻውን የሰጣችሁ፣ የመግዛት ፍላጎትም ያሳየ ሰው ነው። ሁለቱም መሟላት አለባቸው። አድራሻ ብቻ ከሆነ የያዛችሁት የስልክ ማውጫ ነው።

📌 ርዕሱ የገዢው ችግር ይሁን

የደመወዝ መሥሪያ ሶፍትዌር ትሸጣላችሁ እንበል። "ሶፍትዌራችንን እናስተዋውቃችሁ" ብላችሁ ብትጠሩ ማን ይመጣል? በ2017 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጁ ሲሻሻል ግን ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። እንዲህ ዓይነት ለውጥ ሲመጣ የሒሳብ ሠራተኛውን የሚያስጨንቀው "ፔይሮሉን እንዴት ላስተካክል?" የሚለው ነው። እሱን አስረዱት። ሶፍትዌራችሁን መጨረሻ ላይ 5 ደቂቃ ብታሳዩ ይበቃል።

📌 ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ

የዙም ነፃ አካውንት ስብሰባውን በ40 ደቂቃ ያቋርጣል፣ ከ100 ሰው በላይም አያስገባም። ገለጻው ከረዘመ ጥያቄ ሊጀመር ሲል ይቆረጣል። ስለዚህ ወይ ክፈሉ፣ ወይ ገለጻውን በ20 ደቂቃ ጨርሱ።

ፖስተሩ ላይ "ከቀኑ 8 ሰዓት" ብላችሁ የስልኩ ካሌንደር 2:00 ካለ ደግሞ ጠዋት 2 ሰዓት የሚገባ አይጠፋም። ሁለቱንም አቆጣጠር ጻፉ። በዋዜማውና 1 ሰዓት ሲቀረው በቴሌግራም አስታውሱ።

📌 ዋናው ነገር ጥያቄው ነው

"300 ሠራተኛ አለን፣ ቅርንጫፎቻችን ክልል ናቸው፣ ይሠራልናል?" ብሎ የጠየቀ ሰው በልቡ መግዛት ጀምሯል። ስለዚህ ጥያቄዎቹን ከነጠያቂው ስም መዝግቡና ሰዎቹን በሦስት ክፈሏቸው፦

• ስለ ራሱ ድርጅት የጠየቀ፦ በማግስቱ ደውሉለት። ስትደውሉም "ትናንት ስለ ቅርንጫፎቹ ጠይቀውን ነበር" ብላችሁ ጀምሩ።
• እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ የሰማ፦ ቅጂውን ላኩለት፣ ለሚቀጥለውም ጋብዙት።
• ተመዝግቦ ያልመጣ፦ ቅጂውን ብቻ ላኩለት። አትደውሉለት።

📌 የሚሰማውና የሚፈርመው ይለያያሉ

ድርጅት እንደ ግለሰብ አይገዛም። ዌቢናሩን የሰማው የሒሳብ ሠራተኛ ይሆናል፣ በጀት የሚፈቅደው ግን የፋይናንስ ኃላፊው ነው፣ የመጨረሻው ፊርማ ደግሞ የሥራ አስኪያጁ። ስለዚህ ለሰማው ሰው አለቃውን የሚያሳምንበት ነገር ስጡት፦ አጭር ቅጂና ጥቅሙን የሚያስረዳ አንድ ገጽ ወረቀት። ውሳኔው ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ በየቀኑ እየደወላችሁ አታሰልቹት።

📌 ፈቃድ ጠይቁ

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሰው ስምና ስልክ ስትሰበስቡ ለምን እንደምትፈልጉት መናገር፣ ለተናገራችሁት ዓላማ ብቻ መጠቀምም አለባችሁ። መመዝገቢያ ፎርሙ ላይ "ስለ አገልግሎቱ እንድንደውልልዎ ይፈቅዳሉ?" የሚል ጥያቄ ጨምሩ። "አይ" ላለ አትደውሉ። ዝርዝሩን ለሌላ ድርጅት ማቀበልማ ጭራሽ አይታሰብም። ሕጉን እንኳን ብንተወው፣ በአንድ ዘርፍ ያሉ ሰዎች ይተዋወቃሉ፤ ስም አንዴ ከጠፋ ለመመለስ ከባድ ነው።

በመጨረሻ፣ አለቃችሁ "ዌቢናሩ እንዴት ነበር?" ሲላችሁ የተመዝጋቢውን ብዛት አትንገሩት። ስንት ድርጅት ቀጠሮ ሰጠ? ስንቱስ ፕሮፎርማ ጠየቀ? 12 ሰው ገብቶ 3 ፕሮፎርማ ከተጠየቀ፣ 100 ሰው ተመዝግቦ ስልክ ከሚዘጋባችሁ በጣም ይሻላል።

ለሽያጭና ለማርኬቲንግ ሠራተኛ ጓደኞቻችሁ አጋሩልን።