ለሁሉም ክፍት የሆነ የፍቅር ዐውደ ርዕይ በባሌ ደጋ

በክፍት ጥሪ የሚሰናዳ ዐውደ ርዕይ የሚባለው፣ አዘጋጁ የሚያውቃቸውን ሠዓሊዎች ብቻ ከመጋበዝ ይልቅ ርእሰ ጉዳዩንና የማስረከቢያውን ቀን ለሕዝብ አስታውቆ፣ የፈቀደ ሁሉ ሥራውን ይዞ እንዲመጣ የሚያደርግበት የሥነ ጥበብ ትርኢት ነው። የመጣውን የሚቀበለው፣ የሚመርጠው፣ በአዳራሹ ውስጥ የሚደለድለውና ለተመልካች የሚያስረዳው ባለሙያ ኪዩሬተር ይባላል። ርእሱ ፍቅር ሲሆን የዚህ ባለሙያ ኀላፊነት ከሌላው ጊዜ ይከብዳል፤ ከሥዕሉና ከቅርጹ ጋር የሰው ምስጢር ይቀርብለታልና፣ ያም ምስጢር አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ሰዎች ነውና።

የአሠራሩ ታሪክ ረጅም ነው። የለንደኑ ሮያል አካዳሚ ከ1769 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ማንም ሠዓሊ ሥራውን ሊያስገባበት የሚችል የበጋ ዐውደ ርዕይ ያዘጋጃል፤ ምርጫው ግን የአካዳሚው አባላት ነው። በፓሪስ በ1884 እ.ኤ.አ. የተሰባሰቡት ነጻ ሠዓሊዎች ዳኛም ሽልማትም አያስፈልግም ብለው ተነሡ፤ የእነርሱን ፈለግ የተከተለ የኒውዮርክ የሠዓሊዎች ማኅበርም በ1917 እ.ኤ.አ. ክፍያ የፈጸመ ሁሉ ሥራውን እንዲያሳይ ፈቅዶ፣ ሥራዎቹንም በሠዓሊዎቹ ስም ፊደል ተራ ሰቀለ። ሆኖም ማርሴል ዱሻምፕ በሌላ ሰው ስም የላከው የሽንት ገንዳ ሲደርስ አዘጋጆቹ ተከራክረው ከተመልካች ዐይን አራቁት። ሁሉን እቀበላለሁ ብሎ ማወጅ ውሳኔን እንደማያስቀር ይህ በቂ ማስረጃ ነው፤ የማይቀበሉት ነገር ካለ ከጥሪው ጋር አብሮ ሊጻፍ ይገባል።

ፍቅርን በሚመለከት ጎልቶ የሚጠቀሰው በክሮኤሺያ ዋና ከተማ በዛግሬብ ያለው የተቋረጡ ፍቅሮች ሙዚየም ነው። ኦሊንካ ቪሽቲትሳና ድራዤን ግሩቢሺች የተባሉ የሥነ ጥበብ ሰዎች የራሳቸው ፍቅር ካበቃ በኋላ በ2006 እ.ኤ.አ. በትርኢት ጀመሩት፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ቋሚ ቤት አገኘ። እያንዳንዱ ዕቃ ስሙ ካልተገለጸ ሰው የመጣ ሲሆን፣ ከሰጪው አጭር ጽሑፍ ጋር ይቀመጣል። በአገራችንም፣ ርእሱ ፍቅር ባይሆንም፣ ቪንቴጅ አዲስ አበባ የተባለው ሥራ የቤተሰብ ፎቶግራፎችን ከከተማዋ ነዋሪዎች አሰባስቦ በመጽሐፍ አውጥቷል።

እንዲህ ያለውን ዐውደ ርዕይ በባሌ ደጋ ለማሰናዳት የሚነሣ ሰው 14 ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው የሚገኙ ሁለት ከተሞች አሉለት፤ አንዷ የቀድሞው የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ጎባ፣ ሌላዋ የባሌ ዞን መቀመጫ ሮቤ፣ የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ የሚገኝባት ናት። ባሌ «ገና» እና «ቦና» በሚባሉ ሁለት የምርት ወቅቶች የሚያርስ የስንዴና የገብስ አገር ስለሆነ፣ የማስረከቢያው ቀን በአንዱ አጨዳ ላይ ከዋለ ገበሬውና ቤተሰቡ ከጥሪው ውጪ ይሆናሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የጥሪው ቃል ነው። በ1950 ዓ.ም. በአሌ ፈለገ ሰላም የተመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያለው አዲስ አበባ ነው፤ «ሥዕል አምጡ» የሚል ጥሪ እዚህ ደጋ ላይ የሚያገኘው ጥቂት ወጣቶችን ብቻ ይሆናል። ስፌቱ፣ ጥልፉ፣ የፎቶ ቤት ምስሉ፣ ለሠርግ የተዜመው ዜማ በቅጂ፣ እንዲሁም ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን ቅዱስ ስፍራ የሚጓዝ ሰው ለወሊዩ ለሼህ ሁሴን ያለው ፍቅር የወለደው ሥራ በስም ሲጠቀሱ ግን፣ የራሱን የእጅ ሥራ ጥበብ ብሎ ጠርቶ የማያውቅ ሰው ሊመጣ ይችላል።

እንዲህ ባለው ጥሪ ሊመጡ ከሚችሉት ዕቃዎች መካከል ሲንቄ የተለየ ጥንቃቄ ትፈልጋለች። ሲንቄ ሀሮሬሳ ከሚባል ዛፍ የምትቆረጥ ቀጭንና ቀጥ ያለች በትር ስትሆን፣ እናት ለልጇ በሠርጓ ዕለት ትሰጣታለች። በአርሲ ኦሮሞ ባህል ያገባች ሴት ክብርና መብት ምልክት ናት፤ ሴት ስትበደል ጎረቤቶቿ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ ሁለት ወገኖች ሲጣሉም ሴቶቹ ሲንቄ ይዘው በመካከል ሲቆሙ ጠቡ ይቆማል። በእንዲህ ያለ በትር ውስጥ የእናት ፍቅርና የሕግ ሥልጣን አንድ ላይ ስላሉ፣ በመስታወት ሣጥን አጋድሞ እንደ ጌጥ ማሳየት ትርጉሟን ይሰርቃል። ኪዩሬተሩ እንዴት እንደምትቆም ባለቤቷን መጠየቅ አለበት፤ ባለቤቷ ከሲንቄዋ መለየት ካልፈለገች ደግሞ በመክፈቻው ዕለት ራሷ ይዛት ብትመጣ ከማናቸውም አሰቃቀል ይበልጣል።

የፍቅር ደብዳቤና ፎቶግራፍ ግን ከባህል ሌላ ሕግም ይጠብቃቸዋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለ ምስሉ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ በአንቀጽ 31 ደግሞ የምስጢር ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን እንዳይገልጥ ይከለክላል። ከዚህም ሌላ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የጽሑፉ የቅጂ መብት የጸሐፊው ነው፤ ይህም በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት የሚቆይ ስለሆነ፣ ወረቀቱ በእጇ ያለ ሴት ወረቀቱን እንጂ ቃሉን ልታውስ አትችልም። ስለዚህ በማስረከቢያው ቅጽ ላይ «ሌላው ሰው ፈቅዷል?» የሚል ጥያቄ ሊኖር ይገባል፤ መልሱ «አልፈቀደም» ከሆነ ደብዳቤው ታጥፎ፣ ፖስታው ብቻ ቢታይ ይሻላል። በትንሽ ከተማ ስምን መደበቅ ብቻውን እንደማይጠብቅ መዘንጋት የለበትም፤ የእጅ ጽሕፈቱን፣ የፎቶ ቤቱን መጋረጃ ወይም የሹራቡን ቀለም የሚለይ ጎረቤት አይጠፋም። ያገባች ሴት የድሮ ወዳጇን ፎቶ ይዛ ብትመጣ፣ ቁምነገሩን አስረድቶ መመለስ ከመስቀል የሚበልጥ ክብር ነው።

አሰቃቀሉ ቀላል ነው። የሥራዎቹ መካከል ከወለሉ 150 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ወረቀትና ጨርቅ እንዳይደበዝዙ ሙዚየሞች ለእነርሱ የሚፈቅዱት ብርሃን 50 ሉክስ ያህል ነው፤ ሉክስ ማለት በአንድ ገጽ ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ ነው። ከፎቶ ቤት የመጣ ምስል ከጀርባው «ለማስታወሻ» ተብሎ ከነቀኑ ተጽፎበት ከሆነ፣ የጀርባው ቅጂ አብሮ ይሰቀል፤ ከፊቱ ይልቅ የሚናገረው አንዳንዴ እርሱ ነው። የሠለጠነውን ሠዓሊ ሥራ በአንድ ግድግዳ፣ የስፌት ባለሙያዋን በሌላ ጥግ ማድረግ ግን ክፍት ጥሪውን መልሶ መዝጋት ነው። መግለጫው በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ መጻፍ አለበት፤ ሰጪው በራሱ አንደበት የተናገረው በቅድሚያ፣ የኪዩሬተሩ ማብራሪያ በትንሹ ከሥሩ።

የዛግሬቡ ሙዚየም የተሰጠውን ዕቃ ያስቀራል፤ በሮቤና በጎባ ግን ዕቃው ወደ ቤቱ መመለስ አለበት። በርክክቡ ዕለት የዕቃው ሁኔታ ከነጉዳቱ በሁለት ቅጂ ተጽፎ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ አንዱ ለባለቤቱ ይሰጣል፤ ባለቤቱ ከፈቀደ የምስሉና የድምፁ ቅጂ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሊቀመጥ ይችላል። ፈቃዱ ግን ከውሰቱ ፊርማ ተለይቶ፣ በሌላ ወረቀት፣ ባለቤቱ በሚያነበው ቋንቋ ይጠየቅ።