ሴት ልጃችሁስ ትሮጣለች?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወንዱ ልጃችሁ ኳስ ይዞ ሲወጣ እኅቱ የት ናት? በብዙዎቻችን ቤት ወይ ወጥ ቤት ናት፣ ወይ ስልክ ላይ አቀርቅራለች።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል። በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ደግሞ እንቅስቃሴው ጠንከር ያለ እንዲሆን ያሳስባል። ጠንካራ የሚባለው ልብ በፍጥነት የሚመታበት፣ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ የሚልበት ነው፤ ሩጫ፣ ገመድ ዝላይ፣ ኳስ። ዕቃ ማጠብ ይህን አይተካም።

የአጥንት ጥንካሬ በአብዛኛው የሚገነባው በልጅነትና በጉርምስና ዕድሜ ነው። ሴት ልጅ ካረጠች በኋላ አጥንቷ ሲሳሳ የሚደግፋት ያኔ ያጠራቀመችው ነው። እንቅስቃሴ ልብንም ያጠነክራል፤ ጭንቀትንም ያቀልላል።

ስለዚህ ባልና ሚስት ተነጋገሩበት። የቤቱን ሥራ ለወንዱም አካፍሉት፤ ለእርሷም የመጫወቻ ሰዓት ይኑራት። ሜዳ ከሌለ ገመድ በግቢም ይዘለላል። ቀስ በቀስ ትጀምር። ስትሮጥ ደረቷን ካመማት ወይም ራሷን ከሳተች ግን ሳትዘገዩ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት።