ሰርቨር ሲከራዩ የሚገኝበትን አገር አስቀድመው ይወቁ
በልደታም ሆነ በሌሎች ክፍለ ከተሞች የሚገኙ ድርጅቶች ለድረ ገጻቸው ወይም ለደንበኞቻቸው መዝገብ ቨርቹዋል ሰርቨር ሲከራዩ ከዋጋው እኩል ቦታውን ሊያጤኑ ይገባል። ፍራንክፈርት ከአዲስ አበባ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ መረጃ በፋይበር መስመር በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ደርሶ መልሱ ብቻ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይወስዳል። ተጠቃሚዎቹ በአገር ውስጥ ከሆኑ በቅርብ የሚገኝ ሰርቨር ይህን መዘግየት ይቀንሳል።

ከፍጥነቱ በላይ ግን የሕግ ግዴታ አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል ዳታ ከአገር ውጭ የሚተላለፍበትን ቅድመ ሁኔታ ይደነግጋል፤ አፈጻጸሙንም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይከታተላል። ስለሆነም ውል ከመፈረምዎ በፊት ዋናው መረጃም ሆነ መጠባበቂያ ቅጂው በየት አገር እንደሚቀመጥ አቅራቢው በጽሑፍ እንዲያረጋግጥልዎ ይጠይቁ።